ለስልሳ ስምንት ቤት

ጉንዳኖቹን ያካፈልናቸው እኛው ነን። መርከቧ አመጣቻቸው፣ የሙዝ ፕሮጀክቱ ሰውዬ ፈርሞ አስረከበን፣ ይሄ እውነት ነው። ግን በየቤቱ ደጃፍ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይበልጥ ማንም ሳያንስ፣ ስም እየጠራን ያደልናቸው እኛ ነን። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ወንድሜ ላሜካ ፊቱን ያዞራል። ያዙር። ስም ጠሪው እሱ ነበር።

የእኛ ደሴት አፈር የላትም። አሸዋ፣ የኮራል ስብርባሪና ኮኮናት፣ በቃ። ስለዚህ ከሳሞአ፣ ከአፒያ ወደብ የመጣችው መርከብ ስልሳ ስምንት ማዳበሪያ ጥቁር አፈር፣ በየማዳበሪያው ላይም አንዳንድ የሙዝ ችግኝ ስታወርድልን አገሩ ሁሉ ሠርግ የመጣለት መሰለ። አሮጊቶች ሳይቀሩ እጃቸውን እየሰደዱ አፈሩን አሸተቱት። ከማዳበሪያዎቹ አንዱ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ዕቃ የሚያወርደው ቲዮኒ ያን ተሸክሞ ሲመጣ ድንገት መሬት ላይ ጣለውና ክንዱን ማራገፍ ጀመረ።

"ሰዎች፣ ይሄ ነገር ጉንዳን አለበት" አለ።

"ጉንዳን የት የለም?" አለው አንዱ። "አንተ ደግሞ አፈር ሲሰጡህ ወንፊት ትጠይቃለህ።"

ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ቢጫ፣ እግሩ የረዘመ፣ መሄጃው የጠፋበት ይመስል ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ጉንዳን ነበር። ያኔ ያን አንድ ማዳበሪያ ባሕር ውስጥ ብንጥለው ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ግን እኛ አገር የመጣ ነገር አይጣልም። ይታደላል። ኢናቲ ይባላል፤ ባሕሩ የሰጠው ዓሣም ሆነ መርከብ ያወረደው ዕቃ ዳርቻው ላይ በረድፍ ይደረደራል፣ አዳዩ ቆሞ የየቤቱን ስም ይጠራል፣ ሰውም እየመጣ ያነሳል። በመጨረሻ አዳዩ "የጎደለበት ቤት አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ማንም መልስ ካልሰጠ ያበቃል። የፊሊፖ ቤተሰብ ጠቅልሎ ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በሩ በምስማር ተመትቷል፤ የእነሱ ስም እንኳ ይጠራል። ዓሣ ሲሆን ጎረቤት ይበላላቸዋል። አፈሩ ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠላቸው።

ደጃፋቸው ላይ የተቀመጠው ያ የተቀደደው ማዳበሪያ ነበር። እንዴት የእነሱ ድርሻ እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አፌ አልደፈረም።

ሁለት ዓመት ማንም ሳይነካቸው እዚያ ተዋለዱ። መጀመሪያ ዶሮዎች እንቁላላቸው ላይ መቀመጥ ተዉ። ቀጥሎ የጎረቤቴ አሳማ ስድስት ወለደች፣ በሳምንቱ ስድስቱም ዓይናቸው ጠፋ። ይህ ጉንዳን አይነክስም፣ ይረጫል፤ የሚረጨው ነገር ዓይን ያቃጥላል። እናቶች የሕፃናቱን ጆሮ በጥጥ እየወተፉ ማስተኛት ጀመሩ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የኮኮናት ሸርጣን መንገድ መሃል ቆሞ አገኘሁ። ክንድ የሚያህል ነው፣ ኮኮናት በጥፍሩ ፈልቅቆ የሚበላ። ሰው ሲያይ ጥፍሩን ቀስሮ ወደ ኋላ የሚሸሸው ፍጡር አጠገቡ ስደርስ ንቅንቅ አላለም። ዓይኖቹ ነጭ ሆነዋል፣ ጉንዳኑ በመገጣጠሚያው እየገባ ይወጣል። አለቀስኩ ብል ለሴት ወግ ነው፤ አላለቀስኩም፣ ተሳደብኩ። በቀሚሴ፣ በመዝሙር መጽሐፌ፣ መንገድ መሃል ቆሜ አባቴ ሲሳደብ እንኳ ያልሰማሁትን ስድብ ተሳደብኩ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአኪያኪ ነገር ነው። አኪያኪ ነጭ የባሕር ወፍ ናት። ጎጆ አትሠራም። ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ፈልጋ አንዲት እንቁላል ታስቀምጥና እላይዋ ቁጭ ትላለች። ነፋሱን ታውቅበታለች፣ አይጥላትም። ቅርንጫፉን ይዞ የሚመጣ ጉንዳን ግን አባቶቿ አላሳዩዋትም። ጠዋት ጠዋት ከመንደሩ ዛፎች ሥር ጫጩት መልቀም ሥራዬ ሆነ። አባታችን ዋና ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ባሕር ላይ ሲወጣ ውሃውን አያይም፣ ሰማዩን ነው የሚያየው። አኪያኪዎች ተሰብስበው ከዞሩበት ሥር ቱና የሚሉት ትልቅ ዓሣ አለ። አሁን ላሜካ ታንኳውን ይዞ ይወጣል፣ ሰማዩን አንጋጦ ይውላል፣ አንገቱን እያሸ ባዶውን ይመለሳል።

ጉንዳን ያልገባባት አንዲት ቦታ ቀርታ ነበር፣ ማታንጊ። ከመንደሩ በኮራል አለት የታጠረውን የባሕር ሐይቅ ተሻግሮ ያለች፣ በግማሽ ቀን ዞረው የሚጨርሷት፣ ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት። የቀሩት ወፎች ሁሉ እዚያ ነው የሚፈለፍሉት። ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ገባሁ። የአባታችን ቤት ታላቅ ሴት እኔ ነኝና ስናገር ይሰማኛል፤ ባይሰማኝም እናገራለሁ።

"አባባ ኩፓ፣ ማታንጊን ዝጉልኝ" አልኳቸው የጉባኤውን አለቃ።

"ዝግ ናት እኮ ልጄ። እዚያ ማደን ከተከለከለ አራት ዓመት አለፈው።"

"እናንተ የዘጋችኋት ለአዳኝ ነው። እኔ የምለው ለቅርጫት፣ ለምንጣፍ፣ ለታንኳ፣ ለሁሉም ነው። እኔ እሄዳለሁ። በሯ ላይ እቀመጣለሁ።"

"ደሴት ደግሞ በር አለው እንዴ?" አለ ቲዮኒ ከኋላ።

"ከዛሬ ጀምሮ አለው። እኔ ነኝ። ወርዴን አይተህ ማለፍ ትችል እንደሆነ ሞክረኝ።"

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ፣ ፈቀዱልኝም። ሲስቁ ነው የሚፈቅዱት፤ ይህን ከእናቴ ተምሬያለሁ።

ልሄድ ስል ላሜካ ታንኳዬን እየገፋ ወደ ውሃው አብሮኝ ገባ። ወንድሜ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ እኔ ፊት ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እኛ አገር ወንድም እህቱን አይጋፋም።

"እትዬ ሴሌፓ፣ ድርሻሽስ?" አለኝ።

"የምን ድርሻ?"

"ኢናቲ ሲወጣ። ስምሽን ልጥራ ወይስ አልጥራ?"

"ጥራና ሚስትህ ትብላልኝ። ወደ ማታንጊ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትሻገር። እዚያ ዓሣ አላጣም።"

አባባ ኩፓ ዳርቻው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ልጄ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ተጠርቶ ድርሻው እጁ ካልገባ እኛ ምን ሆንን ማለት ነው?"

"ጉንዳን የማትልኩ ሰዎች ሆናችሁ ማለት ነው አባባ።"

ዝም አሉ። ተስማሙ ብዬ ቀዘፍኩ። ሽማግሌ ዝም ሲል ተስማማ ብሎ ማሰብ የሞኝ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሞኝ ሆንኩ።

ይዤ የሄድኩት ገጀራ፣ ድስት፣ ክብሪት፣ በባሕር ውሃ ሦስት ጊዜ ያጠብኩትን ልብስና አንድ ትልቅ ጠርሙስ የኦቾሎኒ ቅቤ ነው፣ ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ አድርጌ። ታንኳዋን ከዳርቻው ርቄ በኮራሉ አለት ላይ አሰርኩና ባልዲዬን እየገፋሁ በዋና ገባሁ። ማደሪያዬ ድሮ ኮኮናት ይደርቅባት የነበረች ጎጆ ናት። የኦቾሎኒ ቅቤው ለመብላት አይደለም። በየጠዋቱ ዐሥራ አምስት እንጨት ጫፍ ጫፉን እቀባና በየዛፉ ሥር እተክላለሁ። ቢጫው ጉንዳን ካለ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣበታል። በየጠዋቱ ዐሥራ አምስቱም ንጹሕ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሰው መጣ። አንዱ ቲዮኒ ነበር፣ "ደኅና ነሽ ወይ ልበልሽ ብዬ ነው" ይላል።

"ከዚያው ሆነህ በለኝ" አልኩት። "ሰላምታህ ይደርሰኛል፣ አንተ ግን አትደርስም።"

ከጎጆዬ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ፣ ከራሴ ትንሽ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዲት አኪያኪ እንቁላል ጣለች። ከባሏ ጋር እየተፈራረቀች ተቀመጠችበት። እኔም እንደ አማት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ዶፍ ሲመጣ እሷን እያየሁ ስብሰለሰል፣ ሠላሳ አምስት ቀን ቆጠርኩ። በሠላሳ ስድስተኛው ተፈለፈለች። ጫጩቷ አመድማ ናት፣ ከዓይኗና ከእግሯ በቀር ሁለንተናዋ ለስላሳ ጠጉር። እናትየው ትናንሽ ዓሣ በአፏ ደርድራ አመጣችላት። ያን ቀን ላሜካ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ። ከቁጣዬ በቀር ምንም የማያውቅልኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከደሴቲቱ ማዶ ጫፍ የወፍ እንቁላል ስቆጥር አርፍጄ ስመለስ አንድ ታንኳ ሐይቁ መሃል ወደ መንደር ሲቀዝፍ አየሁ። አቀዛዘፉ የላሜካ ነው። እየተጣደፈ ነበር፤ ጥፋት የሠራ ሰው እንደዚያ ነው የሚቀዝፈው። ዳርቻውን አየሁት፣ ምንም የለም። ወደ ጎጆዬ ዞርኩ።

ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎነ አዲስ አረንጓዴ ቅርጫት ዛፉ ላይ ተሰቅሏል። የሸርጣን ነገር ይታወቃል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ይበላል፤ ስለዚህ ለእኔ ተጨንቆ፣ እንዳይበላብኝ ብሎ፣ ከፍ አድርጎ ሰቅሎልኛል። ውስጡ ግማሽ ቱና አለ፣ የጭንቅላቱ ወገን፤ ለታላቅ የሚሰጥ ነው። የሰቀለበት ቅርንጫፍ ደግሞ ያችው ጫጩቷ ያለችባት ናት።

ስደርስ ቢጫው መስመር ከቅርጫቱ እጀታ ወጥቶ ቅርንጫፉን ይዞ ሄዷል። ጫጩቷ እግሯን ታነሳለች፣ ትጥላለች፣ ታነሳለች። የት ትሂድ? መብረር አትችል፣ መውረድ አትችል። ዓይኖቿን ጨፍናለች። እናትየው ከላይ እየዞረች ትጮሃለች። በእጄ ላራግፍላት ዘረጋሁ፣ እጄ ላይ ወጡ። ቅርጫቱን ባዘንብለው በጉንጉኑ መካከል ነጫጭ እንቁላሎቻቸውን አየሁ፣ ከእነሱ ጋር ከሌሎቹ የወፈረች አንዲት፣ ንግሥታቸውን። የጉንዳን ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ነው የመጣው። ጫጩቷን ላድን ብዬ አንድ ደቂቃ ብቆይ ግንዱን ይዘው ይወርዳሉ፣ መሬት ይገባሉ፣ ማታንጊም አለቀላት።

ገጀራዬን አነሳሁ። ቅርንጫፉን ከእነ ቅርጫቱ፣ ከእነ ዓሣው፣ ከእነ ጫጩቷ ቆረጥኩትና አቅፌው እየሮጥኩ ባሕር ገባሁ። እስከ ደረቴ ገብቼ ሁሉንም ከውሃ በታች ያዝኩት። እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ። መዳፌ ሥር ለስላሳዋ ነገር መንቀጥቀጧን እስክትተው ተሰማኝ። ያን ሰዓት ላሜካ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ወንድሜ መሆኑን አላስታውስም ነበር።

ቀኑን ሙሉ የዛፉን ግንድ በፈላ የባሕር ውሃ አጠብኩ፣ ሥሩ ያለውን ሣር ነቅዬ አቃጠልኩ፣ እንጨቶቼን ሁሉ እዚያው ዙሪያ ተከልኩ። በማግሥቱ ጠዋት አየኋቸው፣ ንጹሕ ናቸው። ይህ ምንም ማለት አይደለም። አንዲት ብቻ ትበቃለች፣ አንዲት ደግሞ በአንድ ቀን አትታይም። ቅርንጫፉን ታንኳዬ ላይ ጫንኩ፣ ጫጩቷን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ወደ መንደር ቀዘፍኩ።

ስደርስ ኢናቲ ወጥቶ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ሁለት ቀን በተከታታይ ቱና ወድቆላቸው አገሩ በደስታ ሰክሯል። ዓሣው በረድፍ ተደርድሯል፣ ላሜካ መሃል ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ቅርንጫፉን አየና ጨለመ።

"እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "አኪያኪዎቹ እኮ ናቸው የመሩን። ከማታንጊ ወገን መጥተው ከታንኳዬ ፊት ዞሩልኝ። ዓሣው ያንቺ ነው ማለት ነው፣ እንዴት ሳላደርስልሽ እበላለሁ? ቅርጫቱንም ያን ቀን ጠዋት በቆረጥኩት ቅጠል ነው የጎነጎንኩት። አዲስ ነበር። ስዋኝም ጨው እንዳይነካው ብዬ ራሴ ላይ ተሸከምኩት።"

"ስትጎነጉነው የት ተቀምጠህ ነበር?"

ዓይኑ ወደ ፊሊፖ ቤት ደጃፍ ሄደ። ጥላ ያለው እዚያ ነው፣ ሁላችንም እዚያ ነው የምንጎነጉነው።

"እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩት" አሉ አባባ ኩፓ ከመቀመጫቸው። "እሱን አትቆጪው። ከድርሻ የሚቀር ሰው አይኖርም አልኩ።"

"እንግዲያው ይኸውላችሁ" አልኩና ቅርንጫፉን ከዓሣው ረድፍ ጫፍ ላይ ጣልኩት። ጫጩቷን ከጎኑ አስቀመጥኩ። "ይህም ከባሕር ነው የመጣው። አካፍል ላሜካ። ለስልሳ ስምንት ቤት። ማንም እንዳይበልጥ፣ ማንም እንዳያንስ።"

"እትዬ፣ እባክሽ።"

"አንዲት ዓሣ ለዐሥራ ሁለት ሰው ስትመትር አይቼሃለሁ። ትችልበታለህ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ አባባ ኩፓ ዞረ። ሽማግሌው ጫጩቷን አዩ። ከዚያ "ምተር" አሉት።

ላሜካ ገጀራውን አንስቶ ቅርንጫፉን መቆራረጥ ጀመረ። ቁርጥራጩን በረድፍ ደረደረው። ጫጩቷን ግን አልነካትም። ሲጨርስ ወገቡን አቅንቶ በዚያው በለመደው አዳይ ድምፁ ጠራ።

"የኩፓ ቤት።"

አባባ ኩፓ በምርኩዛቸው ተነሡ። ጎንበስ ብለው ቁራጯን እንጨት አነሱ። "የሴሌፓ ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ እየተጠራ እዚሁ ባሕር ውስጥ ይጣል" አሉ። "ሐይቁ ያድርስላት።" ከዚያ እንጨቷን ይዘው ተቀመጡ። ቲዮኒ ተጠራ፣ ወሰደ። የስድስቱ የአሳማ ግልገሎች ባለቤት ተጠራች፣ ወሰደች። የፊሊፖ ቤት ሲባል ማንም አልመጣም፣ ላሜካ ራሱ ሄዶ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጠው። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ አያለሁ። በየስሙ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ይቅመሱት እል ነበር።

"የሴሌፓ ቤት" አለ ላሜካ።

ረድፉ ላይ ቁራጭ አልቀረም። ስልሳ ሰባት ነበር የመተረው። የቀረችው ጫጩቷ ናት።

የተቀደደውን ማዳበሪያ ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። አፈሩ የታደለ ቀን ላሜካ "የሴሌፓ ቤት" ብሎ ሲጠራ የደረሰኝ እሱ ነው። አፈሩ ግማሽ በግማሽ ፈስሶ ነበር። "የጎደለበት ቤት አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እጄን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ። "እኔ። የአባታችን ቤት ጎዶሎ መቀበል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አልኩት። የቆሸሸ፣ ጉንዳን የወረረው አፈር እንደሆነ አይቻለሁ። ቲዮኒ ክንዱን ሲያራግፍ ስቄ ነበር እኮ። ወንድም እህቱን አይጋፋም፤ ላሜካ ለፊሊፖ የተቀመጠውን ሙሉውን አምጥቶ ለወጠልኝ፣ የተቀደደውንም ደጁ ወደ ተቸነከረው ቤት ወሰደው። እኔ ቤት ቢቀር ኖሮ አፈሩን ለሙዙ ስገለብጥ አየው ነበር፣ በፈላ ውሃም እፈጀው ነበር። ያንን ያህል ሥራ አልነበረም። ሙዜ ሁለት ጊዜ አፍርቷል።

ሄጄ ጎንበስ አልኩና ጫጩቷን በሁለት እጄ አነሳኋት። ገና እርጥብ ነበረች፣ ክብደት የላትም።

ላሜካ ገጀራውን አሸዋው ላይ ሰክቶ ሕዝቡን አየ። ደንቡ ነው፣ መጠየቅ አለበት።

"የጎደለበት ቤት አለ?" አለ።

ሁሉም እኔን ያያሉ።

"የለም" አልኩት።